ባሕል የሚኖረው ሥራ ሲኖረው ነው፤ ከዚምባብዌ ዘፈንና ጭፈራ የምንማረው

የባሕል ምሽት በተቃረበ ቁጥር በማደሪያችንና በምግብ አዳራሹ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። አንደኛው ወገን «ጊታርና ኪቦርድ ከመድረክ ይውረድ፤ የአባቶቻችን ዘፈን ሳይበረዝና ሳይከለስ ይታይ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዘመኑ ተለውጧል፤ ወጣቱ የሚወደውን እናጫውት እንጂ የኋሊት አንጎተት» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ድምፃቸው እስኪሰልል ከተከራከሩ በኋላ በመድረክ ላይ የሚቀርበው ከዚህም ከዚያም የተቀነጫጨበ ነገር ይሆናል። በዓመቱም ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ከሁለቱ ለአንዱ ጠበቃ ለመቆም አልተነሣንም። ሁለቱም ወገኖች አንድ የጋራ ጉድለት ያለባቸው ይመስለናል። ይኸውም ባሕልን እንደ ዕቃ መቍጠራቸው ነው። አንደኛው ዕቃውን ሣጥን ውስጥ ሊቈልፍበት ይፈልጋል፤ ሌላው ዕቃው አርጅቷልና ይጣል ይላል። ዘፈንና ጭፈራ ግን ዕቃ አይደሉም፤ ሰዎች ለአንድ ጉዳይ ብለው የሚሠሩት ሥራ ናቸው። ጉዳዩ ካለ ሥራው ይኖራል፤ ጉዳዩ ከጠፋ ሣጥኑ አያድነውም።

ይህን ሐሳባችንን በራሳችን አገር ምሳሌ ማስረዳት በተቻለን ነበር። ነገር ግን ሰው ስለ ገዛ ቤቱ ሲከራከር ስሜት ይቀድመዋል፤ የሩቁን ቤት ግን ረጋ ብሎ ለመመልከት ይችላል። ስለዚህ ይህ ክርክር የመድረክ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሕይወትና የነፃነት ጥያቄ ሆኖ ወደ ተነሣበት አገር፣ ወደ ዚምባብዌ፣ አንባብያንን ይዘን እንሄዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዚምባብዌ በዛምቤዚና በሊምፖፖ ወንዞች መካከል የምትገኝ አገር ናት። ከሕዝቧ የሚበዛው ሾና ነው፤ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ንዴቤሌዎች ይኖራሉ፤ ሌሎች ሕዝቦችም አሏት። ከ1890 ጀምሮ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ገብተው መሬቷን ያዙ፤ ስሟንም በሴሲል ሮድስ ስም ሮዴዥያ አሉት። ነፃነቷን ያገኘችው በ1980 ነው። በነዚህ 90 ዓመታት ውስጥ የሆነው ነገር ለጕዳያችን ታላቅ ትምህርት ይሰጣል።

አስቀድመን ስለ ምቢራ እንናገር። ምቢራ ከጠንካራ እንጨት በተጠረበ ሰሌዳ ላይ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ተደርድረውበት የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚከበረው «ምቢራ ድዛቫድዚሙ» ይባላል፤ የአባቶች መናፍስት ምቢራ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 28 የሚደርሱ ምላሶች አሉት። ተጫዋቹ ሁለቱን አውራ ጣቶቹንና የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ብቻ ይጠቀማል። ድምፁ እንዲጎላ ሰሌዳው በትልቅ ቅል ውስጥ ይገባል። በቅሉና በሰሌዳው ላይ ድሮ ዛጎል፣ ዛሬ ደግሞ የጠርሙስ ቆርኪ ይታሰርና ምላሱ በተመታ ቁጥር ይንዘረዘራል። የውጭ ሰው በመጀመሪያ ሲሰማው መሣሪያው የተሰነጠቀ ይመስለዋል። በገናችን ላይ ጅማቱ እንዲያንዘረዝር ቁራጭ ቆዳ እንደሚደረግለት የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ግን አይደነቅም።

ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ምቢራ በደንቡ ሲመታ ተጫዋቹ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። አንደኛው ዜማውን ይመራል፤ ሁለተኛው ጣቶቹን በመሪው ድምፅ ክፍተት መካከል ያስገባል። የመሪው ክፍል «ኩሻውራ»፣ የተከታዩ ክፍል «ኩጺንሂራ» ይባላል። ከሁለቱ መገናኘት አንዳቸውም ብቻቸውን ያልመቱት ሦስተኛ ዜማ በሰሚው ጆሮ ውስጥ ይወለዳል። «ሆሾ» የሚባለው ጥራጥሬ የተሞላ ቅል እየተንሿሿ ምቱን ይጠብቃል። ሰሚውም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ያጨበጭባል፣ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል።

የምቢራ ዕድሜ ረጅም ነው። ዦዋዎ ዶስ ሳንቶስ የተባለ ፖርቱጋላዊ መነኩሴ በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ ዘጠኝ የብረት ምላሶች ስላሉት «አምቢራ» ስለሚባል መሣሪያ ጽፏል። የመጽሐፉ ስም «ምሥራቃዊት ኢትዮጵያ» ነው። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን የአገራችንን ስም ለብዙው የአፍሪካ ክፍል ይሰጡት ነበርና፣ ምቢራ በአውሮፓ መጽሐፍ የተመዘገበው በእኛ ስም ጥላ ሥር ሆኖ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ይህ መሣሪያ ይህን ያህል ዘመን የኖረው ስለ ምን ነበር? ጌጥ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሥራ ስለ ነበረው ነው። ዋናው ሥራውም ሌሊቱን ሙሉ የሚቆየው የቤተሰብ ሥርዓት ነው። የሥርዓቱ ስም «ቢራ» ይባላል። ከጠርሙሱ ቢራ ጋር ስሙ የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ከዳጉሳ የተጠመቀ መጠጥ አይጠፋበትም። ቤተሰብ ሲታመምበት፣ ዝናም ሲቀርበት ወይም ጠብ ሲገባበት ይሰበሰብና ምቢራ ይመታል፤ የሞቱት አባቶች መንፈስም በአንድ ሰው ላይ አድሮ ምክር ይሰጣል ተብሎ ይታመናል። እኛ ይህን እምነት ለመስበክም ለመንቀፍም አልተነሣንም። የምንለው ምቢራው በዚያ ቤት እንደ ሐኪም፣ እንደ ሽማግሌ፣ እንደ ዳኛ የሚያገለግል ነበር ነው።

በ1896 እና በ1897 የሾናና የንዴቤሌ ሕዝቦች በሰፋሪዎቹ ላይ ተነሡ። ይህ መነሣሣት የመጀመሪያው ቺሙሬንጋ ተብሎ ይታወሳል። በሾናዎች በኩል ሕዝቡን ካነሣሡት መካከል የኔሃንዳ መንፈስ ያድርባታል የተባለች ሴት ነበረች፤ በ1898 በስቅላት ተቀጣች። ከዚያ ወዲያ የአባቶችን መንፈስ የሚጠራው ምቢራ ለሚስዮናዊው የጣዖት፣ ለገዢው ደግሞ የዓመፅ ዕቃ መስሎ ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም። በሚስዮን ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ምቢራ ይዞ መገኘት ነውር ሆነበት። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» እንዲሉ፣ የተማረው የአገሩ ልጅ ራሱ የአባቱን ዜማ መናቅ የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ ያዘው።

ጭፈራውም ከዚህ ዕድል አላመለጠም። በምሥራቁ ክፍል፣ በሙሬዋና በአካባቢው የሚኖሩ የዜዙሩ ሾናዎች «ምቤንዴ» የሚባል ጥንታዊ ጭፈራ አላቸው። ቃሉ ፍልፈል ማለት ነው፤ ፍልፈልም የመራባትና የቤተሰብ ምልክት ነበረች። አንድ ጐበዝ ከበሮ መቺ ብቻውን የተወሳሰበውን ምት ይመታል፤ ወንዶች እንጨት ከእንጨት ያጋጫሉ፤ ሴቶች ያጨበጭባሉ፣ እልል ይላሉ፣ ፊሽካ ይነፋሉ። ግጥም የለውም፤ ነገሩ ሁሉ በሰውነት ነው የሚነገረው። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ተገናኝተው የሚያደርጉት እንቅስቃሴም ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ሚስዮናውያኑ ይህን ሲያዩ አፈሩም ተቈጡም፤ ጭፈራውን አጥብቀው አወገዙት።

በዚህ ጊዜ የጭፈራው ስም «ጄሩሳሬማ» ተባለ። ኢየሩሳሌም ማለት ነው! የቅድስቲቱን ከተማ ስም የያዘን ነገር ማን ደፍሮ ይከለክላል? ስሙ ተለወጠ፤ ከበሮው፣ ፊሽካውና የወገብ እንቅስቃሴው ግን በቦታቸው ቀሩ። ዛሬ በሁለቱም ስሞች ይጠራል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባሕል ድርጅትም በ2005 የሰው ልጅ ቅርስ ነው ብሎ አወጀው። አንድ ጊዜ በነውር የተወገዘው ፍልፈል በክብር መዝገብ ገባ ማለት ነው። እዚህ ላይ «ሳይበረዝና ሳይከለስ» ለሚሉት ጓደኞቻችን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። የዚያ አገር ሰዎች «ስሙ ከሚለወጥ ጭፈራው ይቅር» ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በመዝገብ የሚጻፍ ምን ይገኝ ነበር?

አሁን ደግሞ ወደ ከተማ እንግባ። ሰፋሪው ማዕድን ሲቈፍርና ፋብሪካ ሲተክል ከገጠር የመጣው ሠራተኛ በከተማ ዳር በተሠሩለት ሠፈሮች ተጨናንቆ ኖረ። እዚያ ጊታር፣ ሳክስፎንና የአሜሪካ ጃዝ ጠበቁት። «ይህ የባዕድ ነው» ብሎ አልተወውም፤ የራሱን ኑሮ ይናገርበት ጀመር። በቡላዋዮ ከተማ የነበረው ኦገስት ሙሳሩርዋ ሠራተኛው በስውር የሚጠምቀውን ኃይለኛ መጠጥ ስም ወስዶ «ስኮኪያን» የሚባል ሙዚቃ በሳክስፎን ሠራ። ይህ ሙዚቃ ባሕር ተሻግሮ በ1954 እነ ሉዊ አርምስትሮንግ በሸክላ ቀዱት። ከዚያችው ከቡላዋዮ የተነሣችው ዶረቲ ማሱካ ደግሞ በጃዝ ዜማ ስለ ፓትሪስ ሉሙምባ ዘፍና በ1961 ለስደት በቃች፤ ወደ አገሯ የተመለሰችው ነፃነት ከመጣ በኋላ ነው። እንግዲህ ዘመናዊ ዘፈን ሁሉ የዳንኪራ ቤት ቀልድ ነው የሚሉ ሰዎች ይህችን ሴት ምን ሊሏት ነው?

በዚያችው ከተማ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ክዋኖንጎማ የተባለ የአፍሪካ ሙዚቃ ኮሌጅ ተከፈተ። ዓላማው ለትምህርት ቤቶች የሙዚቃ መምህራንን ማሠልጠን ነበር። ከመምህራኑ አንዱ ጄጌ ታፔራ 15 ምላሶች ያሉትን ትንሹን ምቢራ ለተማሪዎች አስተማረ። ኮሌጁ ከዚህም አልፎ በእንጨት ሰሌዳዎች የተሠራውንና በዱላ የሚመታውን ማሪምባ ለትምህርት ቤት በሚስማማ መንገድ አዘጋጀው። ማሪምባ የተመረጠበት ምክንያት ብልህነት የተሞላበት ነበር፤ በአገሪቱ ውስጥ የሾና ብቻ ወይም የንዴቤሌ ብቻ ነው የሚባል መሣሪያ ስላልነበረ ሁሉም ያለ ቅሬታ ሊቀበለው ይችላል በሚል ነው። ዛሬ ማሪምባ የዚምባብዌ ባሕላዊ መሣሪያ ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ይመታል። ባሕላዊ የምንለው ነገር ሁሉ የተወለደበት ቀን እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከዚያ ኮሌጅ የወጣው ዱሚሳኒ ማራይሬ በ1968 ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ምቢራና ማሪምባ ማስተማር ጀመረ። በትምህርት ቤት ነውር የተባለው መሣሪያ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልጁ ቺዎኒሶም ምቢራን ከአዲስ ዘፈን ጋር አስማምታ በመላው ዓለም ታወቀችበት፤ በ2013 ገና በወጣትነቷ ዐረፈች።

ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ ግን የቶማስ ማፕፉሞ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በምሃንጉራ የመዳብ ማዕድን «ሃሌሉያ ቺክን ራን» የሚባል የሠራተኛ መዝናኛ ባንድ ነበር። ማፕፉሞ የባንዱ ዘፋኝ ሆነ። ከዚያ በፊት እንደ ጊዜው ወጣት ሁሉ የእንግሊዝና የአሜሪካ ዘፈኖችን ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው። የባንዱ ጊታር መቺ ጆሹዋ ህሎማዪ ዱቤ ይባል ነበር፤ ይህ ሰው የምቢራን ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር መምታት ሞከረ። ክሩን በመዳፉ ጫን እያለ ድምፁን ሲያሳጥረው ጊታሩ እንደ ብረት ምላስ ተናገረ። የሆሾው መንሿሿት ወደ ከበሮ መቺው ጸናጽል ተዛወረ። ሁለቱ የምቢራ ተጫዋቾች በሁለት ጊታሮች ተተኩ፤ አንዱ መሪ፣ ሌላው በክፍተቱ ገቢ። መሣሪያው ተለወጠ፤ የአሠራሩ ሕግ ግን ያው ነበር። ቃሉም ከእንግሊዝኛ ወደ ሾና ዞረ።

ይህ የሆነው የነፃነት ጦርነቱ በሚፋፋምበት ጊዜ ነበር። ታጋዮቹ በየመንደሩ ሌሊት ሕዝቡን እየሰበሰቡ እስኪነጋ ድረስ ያስተምሩና ያዘፍኑ ነበር፤ «ፑንግዌ» ይሉታል። ሌሊቱን ሙሉ ተሰብስቦ መዝፈን ለሕዝቡ አዲስ አልነበረም፤ የቢራ ሥርዓት ልጅ ነውና። በከተማ ደግሞ የማፕፉሞ ሸክላዎች ተሰሙ። እኛ ሰምና ወርቅ በምንለው መንገድ ነበር የሚዘፍነው። ላይ ላዩን ስለ እናት ሐዘን፣ ስለ አዝመራና ስለ ጠፋ ልጅ ይናገራል፤ ውስጡን ግን የሚያውቅ ያውቀዋል። የገዢዎቹ ሬዲዮ ዘፈኖቹን ማሰማት አልፈለገም፤ ከሞዛምቢክ የሚተላለፈው የታጋዮቹ ሬዲዮ ግን አሰማቸው። በ1979 ማፕፉሞ ያለ ክስ ታሰረ። የዘፈኑ ዓይነት ስምም ከትግሉ ስም ተወስዶ ቺሙሬንጋ ተባለ።

ልብ በሉ! ይህ ሙዚቃ ባሕላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ? ጊታሩን ያየ ዘመናዊ ነው ይላል፤ ዜማውን የሰማ ባሕላዊ ነው ይላል። ያሰሩት ሰዎች ግን ይህን ጥያቄ አልጠየቁም። እነርሱ የጠየቁት «ይህ ዘፈን ምን እየሠራ ነው?» ብለው ነው። ከእኛ ክርክር ይልቅ የወህኒ ቤቱ አዛዥ ጥያቄ ወደ ነገሩ ሥር የቀረበ መሆኑ ያሳዝናል።

ሚያዝያ 1980 የነፃነት በዓል በሩፋሮ ስታዲየም ሲከበር ከጃማይካ የመጣው ቦብ ማርሊ ስለዚያች አገር ያወጣውን ዘፈን ለሕዝቡ ተጫወተ። ማርሊ በ1976 ባወጣው ሌላ ዘፈኑ ደግሞ የተጠቀመው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያሰሙትን ንግግር ነው። የአፍሪካ ሕዝብ ነፃ መውጣትን የሚጠይቅ የአዲስ አበባ ቃል በኪንግስተን ዜማ ሆኖ፣ ዜማውን የሠራው ሰው ደግሞ ነፃ በወጣችው ዚምባብዌ ሲዘፍን ማየት ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። በዚያ ሌሊት ከስታዲየሙ ውጭ የቀረው ብዙ ሕዝብ ገፍቶ ለመግባት ሲሞክር ፖሊሶች አስለቃሽ ጢስ ተኰሱ፤ ጢሱም እስከ መድረኩ ደረሰ። ማርሊ በማግስቱ ለሕዝቡ እንደ ገና ተጫወተ።

ጽሑፋችን በዚህ የነፃነት ሌሊት ቢያበቃ ደስ ባለን። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ የሆነውን መደበቅ ጓደኞቻችንን ማታለል ነው። ሥራ ያለው ባሕል ሁልጊዜ አሠሪ ይፈልገዋል፤ አዲሱ መንግሥትም አሠሪ ለመሆን ፈለገ። የምቤንዴ ጭፈራ በፓርቲ ስብሰባ ላይ ባለ ሥልጣን መቀበያ፣ በሆቴል ደግሞ ቱሪስት ማስደሰቻ ሆነ። «ቢራ» የሚለው የተከበረ ስም ሳይቀር በቴሌቪዥን ለሚተላለፍ የመንግሥት የዘፈን ሌሊት ተሰጠ። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» እንደሚባለው፣ በመድረኩ የበላ ዘፋኝ ሁሉ በመድረኩ ጌታ ላይ ጉድፍ ማየት ተሳነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አልሆነም። ማፕፉሞ ነፃነትን ባገዘበት ዜማ ነፃነትን የሚበሉትን መውቀስ ጀመረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ሸክላ ስሙ «ሙስና» የሚል ነው። የአሮጌው መንግሥት ሬዲዮ እንደ ዘጋው የአዲሱም መንግሥት ሬዲዮ አንዳንድ ዘፈኖቹን ማሰማት ተወ፤ እርሱም በ2000 አካባቢ ወደ አሜሪካ ሄዶ ቀረ። ሮበርት ሙጋቤ በኅዳር 2017 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ነው በ2018 ተመልሶ በሐራሬ የዘፈነው። ኦሊቨር ምቱኩድዚም እርጅናን አምኖ ስለ መቀበል የዘፈነው ዘፈን ሕዝቡ ለማን እንደ ሆነ ወዲያው ተረጐመው። ምቱኩድዚ ራሱ ግን ስለ እርጅና እንጂ ስለ ማንም አልዘፈንኩም ይል ነበር። በ2019 ሲሞት መንግሥት የአገር ጀግና ብሎ ሰየመው።

በ2001 መንግሥቱ ሬዲዮኖች ከሚያሰሙት 75 በመቶው የአገር ውስጥ ሥራ ይሁን የሚል ሕግ አወጣ። ባሕልን በሕግ እንጠብቅ ለሚሉት ይህ የሕልማቸው ፍጻሜ ነው። ታዲያ ምን ተገኘ? የውጭው ዘፈን ሲቀር ወጣቶቹ የአሜሪካን ዘፈን በሾናና በንዴቤሌ ቋንቋ እየሠሩ ቦታውን ሞሉት። ብዙ ወጣት እንጀራ አገኘበት፤ ይህን አንንቅም። ነገር ግን ሕግ በር ሊዘጋ ይችላል እንጂ ዜማ ሊወልድ እንደማይችል ታየ። ሕግ ሳያዝዘው የምሃንጉራው ጊታር መቺ ያደረገውን ሕጉ ሊያዝ አልቻለም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚቀርቡብን እናውቃለን፤ ሁለቱም በቀላሉ የሚናቁ አይደሉም።

የመጀመሪያው ተቃዋሚ «ምቢራ የተቀደሰ ነገር ነው፤ ወደ መጠጥ ቤት ካወረዳችሁት ሥራ ሰጣችሁት ሳይሆን ሥራውን ነጠቃችሁት» ይላል። እውነት አለው። በቴሌቪዥኑ «ቢራ» የሆነው ይኸው ነው። ነገር ግን ስቴላ ቺዌሼን እንመልከት። በ1960ዎቹ ምቢራ ለመማር ስትነሣ ሴት በመሆኗ አስተማሪ አጣች፤ በብዙ ልመና አንድ ዘመዷ አስተማራት። ቅድስናን እንጠብቃለን የሚሉት ሰዎች የጠበቁት ቅድስናውን ብቻ ሳይሆን የወንድነታቸውንም ወንበር ነበር። እርሷ ግን በተሰወረ ቤት በሥርዓቱ ሌሊት መታች፤ በኋላም በአውሮፓ መድረኮች መታች፤ በ2023 ስታርፍ የምቢራ ንግሥት ተብላ ነው። ከእርሷ በኋላ ምቢራ የሚይዙ ሴቶች ብዙ ሆነዋል። እንግዲህ የተቀደሰውን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ በቅድስና ስም በር መዝጋት ሌላ ነገር ነው። ማክበር የሚችለውም በቅድሚያ የሚያውቀው ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «የሐራሬ ወጣት ዛሬ የሚጨፍረው በጃማይካ ምት በኮምፒዩተር በተሠራ ዘፈን ነው፤ ምቢራችሁን ማን ይሰማዋል?» ይላል። እርግጥ ነው፣ ዚምዳንስሆል የሚባለው ዘፈን እንደ ምባሬ ካሉ የድኻ ሠፈሮች ወጥቶ የወጣቱን ልብ ይዟል። እኛ ግን ይህን የምቢራ ሞት አድርገን አናየውም። ሥራ የሌለው ወጣት ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ሱስና ስለ ሠፈሩ ኑሮ የሚናገርበት ሆኗልና ማሱካ በጃዝ ካደረገችው ጋር ዝምድና አለው። በሌላ በኩልም ጃ ፕሬይዛን የመሰሉ የዘመኑ ዘፋኞች ምቢራን በመካከላቸው ይዘው በሺሕ የሚቈጠር ወጣት ያስጨፍራሉ። በ2020 ምቢራን የመሥራትና የመምታት ጥበብ በማላዊና በዚምባብዌ ስም በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። መዝገቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምቢራን እስከዚያ ቀን ያደረሰው መዝገቡ ሳይሆን መቺው ነው።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚተርፈን ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት የባሕል ምሽታችን ድካም የጊታር መኖር ወይም አለመኖር አይደለም። ድካሙ የዓመት አንድ ቀን መሆኑ ነው። የተከራየ ልብስ ለብሰን፣ ከሣምንት በፊት ያጠናነውን ውዝዋዜ አሳይተን፣ ልብሱን መልሰን እንሄዳለን። ይህም የሐራሬው ሆቴል ጭፈራ ታናሽ ወንድም ነው፤ ልዩነቱ ቱሪስቶቹ እኛው ራሳችን መሆናችን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለአንድ ምሽት ልብስ ኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ እየመጡ ለሚያስተምሩበት ክበብ ይዋል፤ ለአስተማሪውም እንደ አስተማሪ ይከፈለው እንጂ እንደ ጨዋታ አድማቂ አይጋበዝ። ሁለተኛ፣ ጊታር የያዙ ጓደኞቻችን ከክበቡ አይባረሩ፤ ይልቁንም የምሃንጉራው ሰው እንዳደረገው አስቀድመው የዜማውን ሕግ ይማሩና ከዚያ በጊታራቸው ይሞክሩት። ሕጉን ሳያውቁ መቀላቀል ማደባለቅ ነው፤ ሕጉን አውቆ መለወጥ ግን መሥራት ነው። ሦስተኛ፣ በመድረክ የሚቀርበው ዘፈን ስለ ትናንት ውበት ብቻ አይናገር፤ ስለምንኖርበት ኑሮ፣ ስለሚያስጨንቀንና ስለምናፍርበት ነገርም ይናገር። ሰምና ወርቅ የተሰጠን ለፈተና ወረቀት ብቻ አይደለም።

«ይህ ባሕላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ?» የሚለው ጥያቄ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሹም ይጠቅመው ይሆናል። እኛ ግን በሚቀጥለው ክርክር ላይ «ይህ ዘፈን ለማን ነው የሚሠራው? ምንስ ይሠራል?» ብለን እንድንጀምር እንጠይቃለን። ለዚህ መልስ ያለው ዘፈን በክራርም ይምጣ በኪቦርድ መድረኩ ይገባዋል። መልስ የሌለው ግን የቱንም ያህል ያማረ ጥበብ ቢለብስ ከልብሱ ጋር ወደ ኪራይ ቤቱ ይመለሳል። እስቲ ጓደኞቻችን ይምከሩበት።